«ኮሪያ አልዘመቱም» የተባሉት አያቴ

«አባቴ፣ መዝገብዎ ተስተካክሏል። ኮሪያ ዘምተዋል» አላቸው አያቴን የወረዳው ጸሐፊ፣ ዛሬ ጠዋት መሐል ሜዳ ከተማ።

እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ምንም አልተሰማኝም።

የውትድርና ማኅደራቸው ከሐረር ጦር ሰፈር ወጥተው አያውቁም ይል ነበር። «ዋሽቶ ኖረ ተብዬ ልቀበር?» እያሉ አራት ዓመት ተመላለስን።

መጀመሪያ አብረዋቸው የዘመቱ ሦስት ምስክሮች ይቅረቡ ተባለ። እሳቸው ራሳቸው ሰማንያን አልፈዋል። ምስክር ከመቃብር የሚጠራበት ቅጽ ግን አልሰጡንም።

ቀጥሎ የጓደኞቻቸውን ስም ተጠየቁ። ወልደ ሰንበት፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ሥላሴ ብለው ሳይደናቀፉ ጠሩ። መዝገቡ ላይ አንዳቸውም የሉም። ስለዚህ አልዘመቱም ተባለ።

ለካ የነገሯቸው የጓደኞቻቸውን የክርስትና ስም ነው። ኮሪያ የሞቱባቸውን ጓደኞች ቄሱ በጸሎት እንዲያስቧቸው በየዓመቱ የሚሰጡት ይህንኑ ስም ነው። ስልሳ ዓመት እሱን ሲጠሩ ኖረው፣ የጓደኞቻቸው የዓለም ስም ጠፍቷቸዋል።

ዛሬ ጸሐፊው ከአዲስ አበባ የመጣውን የዘማቾች ስም ዝርዝር ጮክ ብሎ አነበበላቸው። የአያቴ ስም አለ። ከእሳቸው ቀጥሎ «ተሾመ» ሲል ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

በመልሱ ጉዞ ወረቀቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ዞር ብለው አላዩትም። ሚኒባሱ ሞላሌ ሲደርስ ብቻ፣

«ወልደ ሰንበት እኮ ተሾመ ነበር ስሙ» አሉ።

እናንተስ ቤት በክርስትና ስሙ ብቻ የቀረ ሰው አለ? የዓለም ስሙን የምታውቁ እዚህ ጻፉልኝ። ለአያቴ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።