ክንዴ የታየበት ቀን

ከትከሻዬ እስከ ክርኔ ድረስ ክንዴ ላይ ጥቃቅን ሽፍታ ነበረብኝ። አያሳክክም፣ አያምም፣ መግልም የለውም። ላባው እንደተነጨ የዶሮ ቆዳ ሻካራ ነው፣ በቃ። ክረምት ሲገባ ይለዝባል፤ በበጋ የመንደራችን የጋፋት ነፋስ ቆዳዬን ሲያደርቀው ደግሞ ይብስበታል። ወንዝ በወረድኩ ቁጥር በሻካራ ድንጋይ ደም እስኪያወጣ እፈገፍገዋለሁ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር መቅላትና መቃጠል ብቻ ነው።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ በኋላ ነው፣ ከእብናት በኩል ለትዳር ተጠየቅሁ። ልጁን ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም፣ ምን ይደበቃል። ነገሩን ለመጨረስ አባቱና አክስቱ ቤታችን መጡ። እጃቸውን ላስታጥብ ጎንበስ ስል እጅጌዬ ወደ ላይ ሸሸ። አክስቱ ውሃውን ትተው ክንዴን ያዙ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ሽፍታ ነው» አልኩ።

እህል ሳይቀምሱ ተነሡ። ማንም ቃሉን አላወጣውም፤ ሁላችንም ግን ቁምጥናን እያሰብን ነበር። በዚያ ዘመን ያ ስም ከተለጠፈበት ቤት ልጅ የሚወስድ የለም።

አባቴ ጣሊያንን በዓይኑ ማየት አይወድም። ቢሆንም ጥርሱን ነክሶ ከተማ ወዳለው የጣሊያን ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ ክንዴን በአውራ ጣቱ ዳበሰና በአስተርጓሚ ተናገረ። በሽታ አይደለም፣ አይጋባም፣ ከዘር የሚመጣ የቆዳ ጠባይ ነው አለ። ድንጋዩን እንድተው፣ በለብታ ውሃ እንድታጠብ፣ ቆዳዬ ጨርሶ ሳይደርቅም ቅቤ እንድቀባ መከረኝ። ጨርሶ ባይጠፋም ይለዝባል፣ ዕድሜ ሲጨምርም ይቀንሳል አለ።

አባቴ ደስ ብሎት እንግዶቹን መልሶ አስጠራ። ሲመጡም የሰማውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው፤ «ከዘር የሚመጣ ነው» የሚለውን ጭምር። ቁምጥና በዘር ይወርዳል ተብሎ በሚታመንበት አገር! አፉን በነጠላዬ ባፈንኩለት ደስ ባለኝ።

«ዘሩ ከተነካማ ምን እንላለን፤ እግዜር ሌላ ይስጣት» ብለው አክስቱ ተነሡ።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። መጥታ ፊታቸው ቆመችና እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። በገበያም በወንዝም፣ ሐሩር ቢሆን እንኳ ሰብስባው የማታውቀውን እጅጌ። ክንዷ የእኔው ክንድ ነበር፤ የለዘበ ብቻ።

«ዘሩ እኔ ነኝ» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ይንኩት፣ እሜቴ። ጣቶቼንም ይዩ፤ ይህን ሁሉ ልጅ ያሳደጉ ጣቶች ናቸው። የጎደለ አለ?»

አክስቱ ክንዷን ዳበሱ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ አደረጉ፤ ቁምጥና ቅንድብ ያረግፋልና ቅንድቧን ሳይቀር ቀረብ ብለው አዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ደስታዬን ንዴት ቀደመው። ያን ሁሉ ዘመን ራሴን በድንጋይ ስልጥ እያየች!

«እማዬ፣ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

እጅጌዋን ገና አላወረደችውም ነበር።

«ከእኔ እንደወረስሽው ስታውቂ ትጠይኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ።