የሌለው ግመል ጠብ

ስብሰባ መቅረጽ ሰልችቶኝ የቴሌቪዥን ሥራዬን ለቅቄ የራሴን ፊልም ልሠራ የተነሳሁ ሰሞን ነው። የቀረኝ አንድ ትዕይንት ብቻ ነበር፤ ሁለት ወንድማማቾች በግመል ተጣልተው በዱላ ሲደባደቡ። ያለዚህ ድብድብ ፊልሙ ፊልም አይሆንም። የተዋስኩት ካሜራ ደግሞ እስከ ስድስት ሰዓት ጅጅጋ መመለስ አለበት። ከሁለቱ ተዋናዮቼ ጋር ሐርተሼክ ከተማ ደረስን። መንገደኛ ሌንሱ ላይ እንዳያፈጥብኝ ካሜራውን መኪና ውስጥ ደበቅኩና ሙክታርንና ፋራህን «ጀምሩ!» አልኳቸው።

ገና ዱላ እንደተነሳ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሦስት ሽማግሌዎች መሃል ገቡ። ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ።

«አዴር፣ አጎቶቼ፣ ፊልም እኮ ነው!»

«አጎቶችህ ሲናገሩ ዝም በል!» አሉኝ አንደኛው።

ተዋናዮቼን ግራር ሥር አስቀምጠው የግመሉን ነገር ከሥሩ ጠየቁ። የሚገርመው፣ ሁለቱም የጻፍኩላቸውን አንድ ቃል ሳይስቱ መለሱ። ልምምድ ላይ እንዲህ ብለውልኝ አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ አስማሉ፤ አስተቃቀፉ።

ሰዓቴን አየሁ። «በሉ ቶሎ፣ ዱላችሁን አንሱ! እንደገና!»

ፋራህ ዱላውን ከጀርባው ደበቀ። «ወላሂ አንደግመውም። ምለን ታርቀናል እኮ!»

«በሌለ ግመል?!»

ዝም በል ያሉኝ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«ለመሆኑ እናንተን ያጣላችሁ ማነው?»

ሁለቱም እኩል ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።