የደንገጎ እንጉዳይ እና የሀሊማ ቅምሻ

መነሻ

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ወጣን። ዓላማችን እንጉዳይ ለቅሞ መመለስ ነበር። ሐሳቡን ያመጣው ጎረቤቴ ጋሽ ለሜሳ ነው። ባቡር ጥገና ውስጥ የሚሠራ የወለጋ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ክረምት ሲገባ ከኩይሳ ላይ ስለሚለቅመው እንጉዳይ ሲያወራ ምራቁን ይውጣል። እኔ ግን ከከተማው መውጣቱ ብቻ ይበቃኝ ነበር። በዚያ ዓመት ድሬ ውስጥ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

ሚስቱ እትዬ አስካለ ሁለት ዘንቢል ሰጠችን።

«ሁለተኛው ለምንድነው?» አልኳት።

«ለሚያጠራጥረው» አለ ጋሽ ለሜሳ ቀድሟት። «የምታውቀውን ከማታውቀው ጋር አትቀላቅልም። ይሄ እንደ ግጥምህ ቤት ከመታ ይበቃል የሚባል ነገር አይደለም።»

ወደ ላይ

በፔጆ ታክሲ ተጨናንቀን ጠመዝማዛውን መንገድ ያዝነው። ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ የማሽላ ማሳና የጫት እርከን መጣ፤ ቀጥሎ ጭጋግ። ከመንገዱ ዳር ከሶማሊያ ጦርነት የቀረ የተቃጠለ የጭነት መኪና በጎኑ ተኝቷል፤ በመስኮቱ ሣር በቅሎበታል። ተሳፋሪው ሁሉ አየው፤ ወዲያውም ፊቱን አዞረ።

ደንገጎ ስንወርድ ጋሽ ለሜሳ እጄን ያዘኝ። «ከእግር መንገዱ አትውጣ። ከብት የረገጠውን ብቻ ርገጥ። የቀረ ፈንጂ አለ ይላሉ።» ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከመሬት አልተነሣም። ለእንጉዳይ ይሁን ለፈንጂ እኔም አላውቅም።

ማሳው ዳር ኡመሬ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። ጋሽ ለሜሳ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ፈቃድ ጠየቀው፤ የሰው መሬት ላይ ሳይጠይቁ አይለቀምም። ሽማግሌው ምን እንደምንፈልግ ሲሰማ ሳቀ።

«ፍየል የማይነካውን የጅብ ጥላ? ከከተማ ድረስ?»

«እናንተ አትበሉትም?» አለው ጋሽ ለሜሳ።

«እዚህ አገር የሚበላው የለም። ውሰዱ። ብቻ ኩይሳውን እንዳታፈርሱ። ምስጡ ቤቱ ከፈረሰ የኔን ጎተራ ነው የሚፈልገው።»

ጋሽ ለሜሳ የሽማግሌውን ቃል ሲተረጉምልኝ እየሳቀ ነበር። እኔ ግን ሌላ አሰብኩ። የሚበላው ከሌለ፣ የሚያውቀውም የለም ማለት ነው። ጋሽ ለሜሳ የሚያውቀው የወለጋን አፈር እንጂ የደንገጎን አልነበረም።

ኩይሳው ላይ

ያም ሆኖ ደህና አስተማረኝ። ከኩይሳው ጎን የበቀለውን እንጉዳይ አንገቱን ቀንጥሼ ላነሣ ስል እጄን መታኝ። «ሥሩን ሳታይ እንዴት ታውቀዋለህ?» በጣቱ አፈሩን ቀስ ብሎ ገለጠ። ግንዱ እየቀጠነ ወደ ምስጡ ቤት ይወርዳል። ካየነው በኋላ ጉድጓዱን መልሶ ደፈነው። ገና ያልተከፈቱትን ትናንሾች ተወ፣ ትል የገባባቸውንም ተወ፣ ካማረውም ግማሹን ተወ። «ለመሬቱ» አለ።

ከኩይሳው ራቅ ብሎ ሣሩ ውስጥ ሌሎች ነበሩ። እነሱም ነጭ ናቸው፤ እንዲያውም ከኩይሳው እንጉዳዮች ይበልጣሉ። ስነቅላቸው ግን ያ ወደ ታች የሚሄደው ሥር የላቸውም። አንገታቸው ላይ እንደ ቀለበት ያለ ቆዳ አለ፤ ከጥላቸው ሥር ያሉት ስስ ክፋዮች ወደ አረንጓዴ ያደላሉ።

«እዚሁ እንተዋቸው» አልኩት።

«መሥሪያ ቤት አንድ የጅማ ሰው አለ፤ ለሱ ላሳየው።» ሁለተኛው ዘንቢል ውስጥ ጨመራቸው።

ኬላው

ስንመለስ ዝናብ ጀመረ። የከተማው መግቢያ ላይ ታክሲው ቆመ። በዚያ ዘመን ከላይ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ኮንትሮባንድ ተብሎ ይፈተሻል። አንድ ወጣት ወታደር ሁለቱንም ዘንቢል አንሥቶ መሬት በተነጠፈው ሸራ ላይ ገለበጣቸው።

«ምንድነው ይሄ?»

«እንጉዳይ ነው ጓድ» አለ ጋሽ ለሜሳ።

«አንተ እህል አልቆብህ ነው የጅብ ጥላ የምትበላው?» አለና ለጓደኛው ጮኸ፦ «ና እይ፣ ድሬዎች ጅብ ሆነዋል።» ጓደኛው ግን አልሳቀም። የጋሽ ለሜሳን መታወቂያ ይዞ ከፎቶው ወደ ፊቱ፣ ከፊቱ ወደ ፎቶው ያይ ነበር።

«አንሡ፣ አንሡ። መንገድ አትዝጉ» አለ በመጨረሻ መታወቂያውን እየመለሰለት።

ተንበርክከን አፈስን። ያገኘነውን ሁሉ አንድ ዘንቢል ውስጥ። ጋሽ ለሜሳ ያን ጠዋት ያስተማረኝን ራሱ ሲያፈርሰው አየሁት። ጓድ፣ ቆይ ልለያቸው የሚል ሰው በዚያ ቦታ አልነበረም።

ግቢው

ቤት እንደደረስን ጋሽ ለሜሳ አንድ በአንድ እያገላበጠ ለየ። ወደ አረንጓዴ የሚያደሉትን አወጣ።

«እነዚህ ናቸው» አለ።

«ስንት ነበሩ?»

ስንለቅም አልቆጠርናቸውም ነበር። ሥሩም በግርግሩ ከብዙዎቹ ተሰብሯል። እንጣለው አልኩ፤ አሳዘነው። በመጨረሻ ተስማማን፦ ይሠራል፣ ማንም አይበላም፣ እሱ ብቻ አንድ ጉርሻ ቀምሶ እስከ ማግስቱ ይጠበቃል። እትዬ አስካለ ሽንኩርቱን ማቁላላት ስትጀምር የቀበሌው ጥበቃ በሩን ደበደበ። ስብሰባ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው። መቅረት የሚያስከትለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እትዬ አስካለን ከድስቱ ጋር ትተን፣ እሱም ሳይቀምስ፣ ሁለታችን ሄድን።

ስንመለስ ከጎን ክፍል የምትኖረው ሀሊማ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ትልሳለች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ሾፌር ነው፣ አሰብ ነበር። በግቢያችን የሥጋ ወጥ ከእስላም ቤት ወደ ክርስቲያን ቤት አይሻገርም፤ የጾም ምግብ ግን ሁልጊዜ ይሻገራል።

«አቦ ለሜሳ፣ ሥጋ ሥጋ ይላል ወላሂ» አለች። «ምን ብላችሁ ደበቃችሁኝ?»

እትዬ አስካለ ከማድቤት ወጣች። «ሸተተኝ አለችኛ። ሸተተኝ ያለችን ነፍሰ ጡር ከልክዬ ልጁ ላይ ምልክት ይውጣበት? ትንሽ ነው የሰጠኋት።»

ጋሽ ለሜሳ ወደ ሀሊማ ቀረብ ብሎ ፊቷን አየ። «አሁን ምንም አልሆነችም። ትንሽ እንይ።»

«የምናየው እስኪመጣ ሰዓት እላፊ ይገባል» አልኩት። «አሁን እንሂድ።»

የሀሊማ ፈገግታ ቀስ ብሎ ከፊቷ ወረደ። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ጋሪ ጠራሁ፤ የተለዩትን ጥሬ እንጉዳዮች በጨርቅ ጠቀለልኩ።

ሆስፒታል

ማስመለስ የጀመራት ገና ተራ ስንጠብቅ ነው። እትዬ አስካለ ግንባሯን ይዛ «በኔ ይሁን፣ በኔ ይሁን» ትላለች። ሐኪሙ ጨርቁን ፈትቶ ጥሬውን አገላበጠ።

«ማምጣታችሁ ጥሩ ነው። ግን አላውቀውም» አለ። «ቶሎ የሚያስመልሰው ብዙውን ጊዜ ያልፋል። የሚገድለው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ሰውዬው ዳንኩ ብሎ ከተነሣ በኋላ ጉበቱን ያጠቃል። የትኛውን እንደበላች ስለማናውቅ እዚሁ ትቆያለች።»

ጋሽ ለሜሳ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እየጨመቀ «ልጁስ?» አለ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ልቡ ይመታል» አለ።

ማስመለሱ ቆመ። እኛ ግን ሐኪሙ የነገረንን ስለምናውቅ መቆሙ ራሱ አስፈራን። ጋሽ ለሜሳ በማግሥቱ ፊቷ ሲፈካ አይቶ ወደ ውጭ ወጥቶ አለቀሰ፤ ዳንኩ የምትልበት ሰዓት ይሄ ነው ብሎ።

መመለሻ

ሐኪሙ የፈራው አልመጣም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሀሊማን በጋሪ ይዘናት ተመለስን።

እንጉዳይ ለመልቀም ለሚነሣ ጀማሪ ከዚህ ጉዞ የምነግረው አለኝ። የሚያጠራጥርህን በሌላ ዘንቢል አትያዝ፤ የበቀለበት ተወው። በመንገድ ላይ ምን እንደሚገጥምህ አታውቅም። ሥርና ቀለም ይረዳሉ እንጂ ዋስትና አይሆኑም፤ ባንድ አገር የተማርከው በሌላ አገር ሊገድል ይችላል። ሲቀላቀል ሁሉንም ጣል። ከሁሉም በላይ፣ ያላመንከውን ነገር ሽታው ጎረቤት በሚደርስበት ቤት እሳት ላይ አትጣድ።

በዚያው ሳምንት እትዬ አስካለ ሽሮ እየሠራች ነበር። ሀሊማ ልብስ ልታሰጣ በማድቤቱ በር ስታልፍ ቆመች። እትዬ አስካለ ጭልፋውን እንደያዘች አየቻት፤ እንደ ልማዷ ግን አልጠራቻትም።

«አይሸትሽም?» አለች በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ይሸተኛል እንጂ።»

እትዬ አስካለ እንጀራ ቆርሳ አጠቀሰች። መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች፤ አላምጣ ዋጠች፤ ቆየች። ሀሊማም ልብሱን ክንዷ ላይ እንደያዘች ሳትቸኩል ጠበቀቻት። ከዚያ ሁለተኛውን ጠቀለለችላት፤ ሀሊማ ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች።