ለልጄ የጻፍኩት ደብተር

አንድ ጥያቄ ለመሥራት ሰባት ጊዜ ተነሳች። የሒሳብ መምህር ነኝና መቁጠር ልማዴ ነው። መጀመሪያ ውሃ ጠማት። ቀጥሎ እርሳሷ ዶለዶመ። ከዚያ ውጭ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋና ማን እንደመጣ ለማየት ወደ በር ሄደች፤ ማንም አልመጣም። ተመልሳ ጸጉሯን ፈታች፣ እንደገና አሰረች፣ ማሰሪያው ላላ ብላ ሌላ ፍለጋ ተነሳች። በሰባተኛው ላይ እኔም ብድግ አልኩ። «ተቀመጪ!» ብዬ ስጮኽ ድምፄ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ሲገባ ለራሴ ይሰማኝ ነበር። ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ተቀመጠች። እግሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጡን አላቆመም፤ የውሃው ብርጭቆ ከሳህኑ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል።

ዲላ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ስሄድ «ቲቸር!» ብሎ የማይጠራኝ የለም። የባጃጁ ሾፌር ተማሪዬ ነበር፣ ባንክ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ተማሪዬ ነበረች። ወላጆች በሚጠሩበት ቀን «ፕሮግራም አውጡለት፣ ቁጭ አድርጋችሁ አስጠኑት» እያልኩ ስንቷን እናት አንገቷን አስደፍቼ እንደሸኘሁ ሳስበው አሁን ፊቴ ይግላል። የራሴን ልጅ ግን ለአምስት ደቂቃ ቁጭ ማድረግ አቃተኝ። ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር በሕይወቴ አላውቅም።

ባለቤቴ በቡና ወቅት ይርጋጨፌ ነው የሚሰነብተው፤ ቡና ማጠቢያ ላይ ይሠራልና ከኅዳር እስከ ጥር ከእሁድ በቀር አናየውም። ስደውልለት «ልጅ ናት፣ ተያት እንጂ» ይለኛል። ከሩቅ ሆኖ መታገሥ ቀላል ነው። እኔ የማስተምረውና ልጄ የምትማረው አንድ ትምህርት ቤት ሆኖ ፈረቃችን ይለያያል፤ እሷ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እሷ በትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ እኔ እገባለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ የቀኑ ጦርነት ይጀመራል። ስልኳን ቀማሁ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ። ጠረጴዛዋን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሰነፍ አልኳት፣ አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ጥቅምት ሲጋመስ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይይዛት ጀመር፤ ዩኒፎርሟን ለብሳ በሩ ላይ ትደርስና ታስመልሳለች።

ሆስፒታል የወሰድኳት ለሆዷ ነበር። ሆዷ ምንም የለበትም ተባለና ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ተላክን። ቅር አለኝ፤ «ልጄ እብድ ናት ወይ?» ልል ከጅሎኝ ነበር። ባለሙያው ወጣት ነው። መጀመሪያ እሷን ብቻዋን አነጋገራት፣ ቀጥሎ እኔን ጠራኝ።

«ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም» አለኝ። «ትኩረቷን መያዝ ይቸግራታል። አልያዝ ሲላት ትጨነቃለች፣ ስትጨነቅ ደግሞ ጭራሽ ይበተንባታል።»

«ታዲያ መድኃኒቱ?»

«እሱን እየተከታተልን እናያለን። ለጊዜው ‹ተቀመጪ› ማለቱን ይተዉ። ቆማም ትሥራ፣ እየተራመደችም ትሥራ። አሥሩን ጥያቄ በአንድ ጊዜ አያሳዩአት፤ አንድ አንድ ይስጧት። አጠገቧ ይሁኑ፣ ግን የራስዎን ሥራ ይሥሩ።»

ይሄን ለመስማት ነው እንዴ ወረፋ የጠበቅኩት ብዬ ወጣሁ። ቢሆንም ሞከርኩት። ጥያቄዎቹን በብጥስጣሽ ወረቀት እየጻፍኩ አንድ አንድ ሰጠኋት። ወረቀቷን የመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጋ ቆማ ትጽፋለች፣ እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጥያቄ ሠራች፣ በማግሥቱም ሁለት፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ብቻ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው መቁጠሪያ ግን አያርፍም፤ በዚህ አያያዝ ምዕራፉ መቼ ሊያልቅ ነው እያለ ይነዘንዘኛል። ስድስት ቀን ታገሥኩ።

በሰባተኛው ቀን የባዮሎጂ መምህሩ አርብ ደብተር እንደሚሰበስቡ ተናገሩ። ለደብተር አሥር ማርክ ይሰጣል፤ ንጹሕ የጻፈ፣ ርእሱን በቀይ ያሰመረ፣ ሥዕሉን ያልዘለለ ሙሉ ያገኛል። የልጄን ደብተር ገልጬ አየሁት። እስከ መስከረም መጨረሻ ተጽፏል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፤ አንድ ገጽ ላይ የዶሮ ሥዕል አለ። መምህሩ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ በመምህራን ማረፊያው፣ ስታፍ ውስጥ፣ ከአጠገቤ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ያን ዶሮ ሲያዩ ታየኝ። «የቲቸር ልጅ» ሲባል ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ከአሥሩ ማርክ በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነበር።

ከጎረቤት ልጅ ደብተር ተውሼ፣ እሷ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትውል፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሦስት ጠዋት ጻፍኩ። ፊደሏ ወደ ግራ ይጋደማል፤ አጋደምኩ። መስመር መጨረሻ ላይ ስትደርስ ታጠብባለች፤ አጠበብኩ። የሴሉን ሥዕል ሥዬ ክፍሎቹን ሰየምኩ። እንዲታመን ብዬ ሁለት ቦታ ተሳስቼ ሰረዝኩ። ያፈርኩ አይምሰላችሁ፤ እንዲያውም ኮራሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ ደብተር ሳርም ኖሬአለሁና እንዴት አድርጎ ማጭበርበር እንደሚቻል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሩን ሰጠኋት። ቆማ ተቀበለችኝ፣ ከዚያ ተቀመጠች፣ ገጽ በገጽ እስከ መጨረሻው እያገላበጠች አየችው። ያን ያህል ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

«ይሄን ማነው የጻፈው?» አለችኝ።

«አንቺ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የባዮሎጂ መምህሩ ናቸው። «ልጅሽ ከክፍል ወጥታ ሄደች፤ ቤት መጣች እንዴ?» አልመጣችም። ነጠላዬን እንኳን ሳላስተካክል ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አማርኛ ላይ ሴትና ወንድ የሚደባለቅባቸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «በአስፓልቱ ወደዚያ ሄደ፣ ሮጠ ነው እንጂ ሄደ አይባልም» አሉኝ፤ እጃቸው ወደ ደቡብ ይጠቁማል። ሾፌሩ በቀስታ ይነዳል፣ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ እየተገላበጥኩ መንገዱን እፈትሻለሁ። የዩኒፎርሙን ሰማያዊ ሹራብ ያየሁ ቁጥር «አቁም!» እላለሁ። ስንቱ ልጅ ነው ሰማያዊ ሹራብ የሚለብሰው! ቡና የጫኑ አይሱዙዎች በአጠገባችን ባለፉ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከከተማው ወጣ እንዳልን አገኘኋት፤ በመንገዱ ዳር፣ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ፣ በጣም በፍጥነት ትራመዳለች።

ጠራኋት፣ አልቆመችም። ወርጄ ከጎኗ መራመድ ጀመርኩ።

«ወዴት ነው?»

«አባዬ ጋ።»

«ይርጋጨፌ? በእግርሽ?»

እርምጃዋን አፈጠነች። ጫማዬ ያዳልጠኛል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል፤ ባጃጁ ከኋላችን ቀስ እያለ ይከተለናል። መናገር የጀመረችው እየተራመደች ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር የማትጨርስ ልጅ ሳታቋርጥ ነገረችኝ።

«ቲቸር ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። አሥር ከአሥር። ‹ሰው ከፈለገ ይለወጣል፣ ጌታ ይባርክሽ› አሉኝ። ከዛ ለአንድ ለአምስት ቡድናችን ሰጡና ‹ከእሷ ገልብጡ› አሏቸው። አጨበጨቡልኝ እኮ፣ እማ።»

«ታዲያ ምን አለበት?» አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

«ፎርጅድ ነዋ! ደብተሩ ፎርጅድ ነው፣ እኔም ፎርጅድ ነኝ! ስድስት ቀን እየሞከርኩ ነበር እኮ። ትንሽ ትንሽ። አንቺ ከስድስት ቀን በላይ አልጠበቅሽኝም።» ጉንጯን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። «እንደማልችል ስላሰብሽ ነው የጻፍሽው። አይደል? ንገሪኝ በቃ።»

አይደለም ማለት እችል ነበር። እናት ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ አታጣም፤ «አንቺማ ጎበዝ ነሽ» ይባልና ያልፋል። ግን ሦስት ጠዋት ሙሉ የጻፈችው እጄ ናት፤ እጄ ምን እያሰበች እንደጻፈች አውቃለሁ።

«አዎ» አልኳት። «እንደማትችዪ አስቤ ነበር።»

ቆመች። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። የባጃጁ ሾፌር፣ የድሮ ተማሪዬ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ጀመር። ልቅሶዋ ሲበርድላት፣ «ለቲቸር ንገሪያቸው» አለችኝ። ስለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ስሜ አሰብኩ፤ ስታፍ ውስጥ ስለሚባለው አሰብኩ። ከዚያ እሷን አየኋትና «እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

በማግሥቱ ደወል ሳይደወል አብረን ስታፍ ገባን። ቆሜ ተናገርኩ። ሻይ የሚጠጡት መምህራን ሁሉ ሰሙኝ። መምህሩ ደብተሩን ገልጠው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ይሄንንም አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ቀይ እስክሪብቷቸውን አወጡ። አሥሩን ሰርዘው ዜሮ ጻፉ። እኔን አላዩኝም፤ ይህም ከስድብ በላይ ጎዳኝ። ለልጄ ግን ዝግ ባለ ድምፅ «ለሁለተኛው ሴሚስተር የራስሽን አምጪ፤ ያልተሟላ ቢሆንም የራስሽን» አሏት።

«እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ» አለቻቸው። የቀለደችባቸው መስሏቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ። አልቀለደችም። በሚቀጥለው ጠዋት ቁርሷን በልታ፣ በሩ ላይ ሳታስመልስ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ብጽፍ ሌላ ፎርጅድ ይሆናል። ወደ ብጥስጣሽ ወረቀቶቹ ተመለስን። የስልኬን ማንቂያ ለአሥር ደቂቃ እሞላለሁ፤ ሲጮኽ ጓሮ ወጥታ በእንሰቱ መሀል ትዞርና ትመለሳለች። በቃል የሚያዘውን እዚያው እየዞረች ጮክ ብላ ትለዋለች፤ ጎረቤት ለምዶታል። የማትችለው ጥያቄ ሲገጥማት ላቧ ይመጣል፣ እጇ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ወረቀቱን አጥፈን እናስቀምጥና ሌላ እናወጣለን። ወረቀቱን ቀዳ የወረወረችበት ቀን አለ። እኔም መጋቢት ላይ ሁለት ጊዜ ጮኼባታለሁ። ከሁሉ የከበደኝ የእኔ እጅ ነው። እሷ እስክሪብቶዋን አንጠልጥላ መስኮቱን ስታይ፣ መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፣ እጄ ሳላዘው ወደ ወረቀቷ ይሄዳል። አንድ ቀን ሲሄድባት ክንዷን ዘርግታ፣ ፈተና ላይ እንዳይኮረጅበት እንደሚከልል ተማሪ፣ ገጹን ከለለችብኝ። የማርመው ወረቀት በእጄ ባይኖር ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ግንቦት ላይ መምህሩ ስታፍ ውስጥ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «የወላጅ ፊርማ ያስፈልገዋል» አሉኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ከፈትኩት። ፊደሉ ይጋደማል፣ መስመር ይስታል፤ አንዱ ሥዕል ተጀምሮ ቀርቷል። የተሟሉ ሳምንታት አሉ፣ ግማሽ የሆኑ አሉ። ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ ሙሉ ገጽ ባዶ ነው፤ በእያንዳንዱ ባዶ ገጽ አናት ላይ፣ እንግሊዝኛው ሁሉ መሀል፣ በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ሳምንት አልጻፍኩም።»

ማርኩ አራት ነው፣ አራት ከአሥር። በሕይወቴ ለአራት ከአሥር ተደስቼ አላውቅም፤ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። ደብተሩን ይዤ ኮሪደር ወጣሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንባዬን ጠረግኩ፣ ተመልሼ ገባሁና ከአራቷ ሥር ስሜን ጻፍኩ።