ባሕር ያሻገራቸው ነገር

አሮጊቷ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ወዳለው የስዊድን ስደተኞች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መምጣት ከጀመሩ ሦስት ወር ቢሆናቸውም፣ ስማቸውን አጥርቶ የሚያውቅ አልነበረም። ጥቁር ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር አጥብቀው ያስራሉ። መዝሙሩን መጽሐፍ ሳይገልጡ በስዊድንኛ ይዘምራሉ። እንግሊዝኛ አንድም ቃል አይሰሙም።

አንድ እሑድ፣ ስብከቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዙር አይዙር ተብሎ ድምፅ ሊሰጥ ሆነ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሂልማ ለአሮጊቷ አዘነች።

"እማማ፣ እኔ እቃወማለሁ። እርስዎም እጅዎን እንዳያወጡ" አለቻቸው በሹክሹክታ።

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። "አገራችን ስዊድን ሳለን፣ አባቴን ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ፣ ጎልምሶ ሐይቅ ውስጥ ስለተጠመቀ አሰሩት። የፈረዱበትም በስዊድንኛ ነበር። ባሕር የተሻገርነው ለቋንቋው መሰለሽ እንዴ፣ ልጄ?"

"ይዙር የምትሉ!" ሲባል፣ ልብስ አጠባ ያሳበጠው እጃቸው ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ሂልማም ጥቂት አመንትታ የራሷን አነሣች።

በሚቀጥለው እሑድ ስብከቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ከዚህ ቀደም ሲያንጎላጁ የነበሩት ወጣቶች ቀና ብለው አዳመጡ። አሮጊቷ ሂልማን በክርናቸው ነካ አደረጓት።

"ምን አለ?"

"ስለ ጸጋ ነው የሚያወራው፣ እማማ።"

"እሱንማ ከልጆቹ ፊት አንብቤዋለሁ" አሉ።