የደጋ ደንብ በመርሳ ሙቀት

ነሐሴ የብርድ ወር አይደለም። ብርድ ልብሱን ገና ያላጠፈ አንባቢ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ዘንድሮ ዝናቡ ከቆመ ሳምንት አልፎታል፣ ወልድያ ላይ ጠዋቱ ራሱ ያቃጥላል። ሬዲዮው ግን ለመላው ሰሜን ወሎ በአንድ ትንፋሽ «ደመናማና ቀዝቃዛ» ብሎ ወደ ስፖርት ዞረ። እኔም መርሳ ላይ የወለደችውን የእህቴን ልጅ፣ ሰናይትን፣ ልጠይቅ ተነሳሁ።

በመንገድ

ሚኒባሱ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ነው የወጣው። አጠገቤ ያለውን ልከፍት ስል ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ ጮኸች።

«ኧረ ጋሼ፣ በንፋስ ሊያስመቱን ነው?»

«በላብ ከምንሞት ይሻላል።»

«ላብማ ይታጠባል!» ብላ ተሳፋሪውን አሳቀችብኝ። ዘጋሁት።

ሲሪንቃ ላይ የመንገድ ዳሩ ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። ወደ መርሳ በወረድን ቁጥር አየሩ እየከበደ ሄደ።

መርሳ

የሰናይት ቤት በሩም መስኮቱም ተዘግቷል፤ ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሳ ይንጣጣል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ወደ ጨለማው ገባሁ። አማቷ እማማ አስካለ ሕፃኑን በፎጣ፣ በብርድ ልብስና በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈዋል። የልጃቸው ሚስት ወለደች ሲባል ከደላንታ ደጋ የወረዱ ናቸው።

«ከጠዋት ጀምሮ አልጠባም፣ አጎቴ» አለች ሰናይት በሹክሹክታ። «ማልቀስም ትቷል።»

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ እማማ።

«እማማ፣ መስኮቱን ልክፈተው?»

«ምች ሊመታው? አንተ መጽሐፍ አሳድገህ ይሆናል እንጂ ልጅ አላሳደግህም!»

እውነታቸውን ነው። ደንባቸውም ከንቱ አይደለም፤ ደጋ ላይ ስንቱን ሕፃን ከውርጭ አትርፏል። ችግሩ እሳቸው ቆላ ሲወርዱ ደንቡም ልብሱን ሳይቀይር አብሯቸው መውረዱ ነው። ክርክሩን ተውኩት።

«ግድ የለም፣ አይከፈት። ብቻ እጅዎን ደረቱ ላይ ያድርጉ።»

እጃቸውን በጥቅሉ ውስጥ ሰደዱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«እመብርሃን! ልጁ እሳት ሆኗል!» ጋቢውን ጣሉ፣ ብርድ ልብሱን ጣሉ፣ በሩን በእግራቸው በረገዱት። «ምን ትገተርብኛለህ? ባጃጅ ጥራ!»

በባጃጁ ግራና ቀኝ ንፋሱ ሲገባ ማንም ስለ ምች አላነሳም። ጤና ጣቢያ ነርሷ ሕፃኑን አራቁታ በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው። እኛ ቆመን ጠበቅን። ሰናይት ከንፈሯን ነክሳ የልጇን ሆድ ከፍ ዝቅ ማለት ታያለች። ድንገት ጣሪያ በሚያናጋ ድምፅ ጮኸ፤ ወዲያው ጡቷን ያዘ።

እማማ አስካለ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ተመስገን፣ ባለጌ ሆነልኝ።»

መልስ

ነርሷ እስክትፈቅድ ቆይቼ አመሻሽ ላይ ወልድያ ቤቴ ገባሁ። ከአያት ጋር ስለ ምች መከራከር ጊዜ ይፈልጋል፤ ሕፃኑ ያልነበረው ደግሞ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ሙቀት አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ ስሙን ማን አላችሁት ከማለታችሁ በፊት የሕፃኑን ደረት ንኩ። ካቃጠላችሁ ግለጡትና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።