ያላለቀችው የእንቁ ሙዳይ

ጥሩሰው ከአገሯ ወጥታ በአንድ የወደብ ከተማ፣ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ማደር ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ታላቅ እህቷ እንቁ ደግሞ እዚያው ከተማ ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ስፌት እየሰፋች ትተዳደር ነበር። የስፌቱን ሣር፣ አክርማውን፣ ታፈሰ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ከአገር ቤት ያመጣላታል። ከተማው በቀትር ሱቁን ዘግቶ ሲያሸልብ እሷ በሯን ገርበብ አድርጋ ትሰፋለች። አምና የሚለበልበው የሙቀት ወራት ነፋስ በገባ ሰሞን ትኩሳት ጣላትና ሳትነሳ ቀረች።

ከወራት በኋላ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል የንግድ ባዛር ተከፈተ። እንቁ ቦታ የያዘችው በሕይወት ሳለች ስለነበር፣ ጥሩሰው ማዳሟን አስፈቅዳ የእህቷን ስፌቶች ተሸክማ ሄደች። ከሰፌዶቹ ኋላ አንዲት ክዳኗ ያላለቀ ሙዳይ አስቀመጠች። ወስፌው እንደተሰካባት፣ ቀዩ አክርማ እንደተንጠለጠለባት ነበረች። እንቁ በመጨረሻ ቀኗ ከእጇ ያስቀመጠቻት እሷን ነው። ለሽያጭ አልመጣችም፤ ጥሩሰው ከዓይኗ እንድትርቅ ስላልወደደች ብቻ ነው ያመጣቻት።

ገበያተኛው አልቀመስ አላት። አንዱ ገና ሳይገዛ «ካዶስ?» እያለ ምርቃት ይጠይቃል። አንዷ ጣቷን በምራቋ አርሳ ሰፌዱን ታሽና «ቀለሙ ይለቃል፣ ቀንሺ» ትላለች። ሌላው ደግሞ «ሣር አይደል እንዴ? ሣር በነጻ ነው የሚበቅለው» ብሎ ይስቃል። ጥሩሰው የእህቷ ጣቶች ተሰነጣጥቀው በጨርቅ የሚጠቀለሉበት ጊዜ ትዝ ይላታል፤ ግን አብራ ፈገግ ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የምስራች የሚባሉ፣ ባለቤታቸው ወደቡ ላይ ዕቃ የሚያስተላልፉ ሴት መጡ። ሲከራከሩ ቆይተው ትልቁን መሶብ በርካሽ ወሰዱ።

«ምርቃቱስ?»

«በዚህ ዋጋ ምርቃት የለውም እትዬ። የሟች እህቴ ሥራ ነው።»

«ነፍስ ይማር! ታዲያ ለነፍሷም ቢሆን መርቂኝ እንጂ።»

ጥሩሰው ነፍስ ሲባል አንዲት ትንሽ ሰፌድ ጨመረችላቸውና ወደ ሌሎቹ ዞረች። ተመልሳ ስታይ ሙዳይዋ የለችም።

አጠገቧ ሳምቡሳ የምትሸጠው ኑሪያ ደነገጠች። «ያቺ መሶብ የገዛችው ሴትዮ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከታት አይቻለሁ። የሰጠሻት መስሎኝ!»

ጥሩሰው ጠረጴዛዋን ለኑሪያ ትታ ሮጠች። ወይዘሮ የምስራችን መኪናቸው በር ላይ ደረሰችባቸው።

«እትዬ፣ ያቺ ሙዳይ አትሸጥም። እባክዎ ይመልሱልኝ።»

«ኤዲያ! ያላለቀች ነገር ምን ትሠራልሻለች?»

«ትልቅ ሰፌድ እለውጥዎታለሁ።»

ሴትዮዋ ለአፍታ አሰቡና «በይ ቶሎ አምጪው» አሉ።

ካሉት ሁሉ የሚያምረውን ሰፌድ አምጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሙዳይዋን ስትቀበል ወስፌው የለም።

«ቦርሳዬን ወጋብኝና ነቅዬ ጣልኩት። የተንዘረዘረውንም ሣር በጥሼ አስተካክዬልሻለሁ» አሉ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

ጥሩሰው ስትመለስ የመጨረሻው ዙር እየላላ፣ አክርማው ከስንደዶው ላይ እየተፈታ ነበር። በመዳፏ አፍና ያዘችው።

«አይዞሽ፣ አንቺው ትጨርሻታለሽ» አለቻት ኑሪያ። «የእህትሽ እጅ አለብሽ መቼም።»

የለባትም። እንቁ «ነይ ቁጭ በይ፣ ላሳይሽ» ባለቻት ቁጥር፣ ስታጥብና ስትወለውል ውላ የመጣችው ጥሩሰው «ዛሬ ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን» እያለች ነበር እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ እንቅልፍ የሚወስዳት።

ነጠላዋን አውልቃ ሙዳይዋን ጠቀለለችና ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። እዚያ ሆና አለቀሰች። ከላይ ኑሪያ ደንበኞቹን «ትንሽ ታገሡ፣ ባለቤቷ አሁን ትመጣለች» ስትል ይሰማት ነበር።